ሦስተኛውን ተከላካይ ማየት፦ የሻሩናስ ያሲኬቪቺየስ ጉዞ ከሜዳ ወደ አሰልጣኝነት

የሊቱዌኒያዊውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ ኋላም አሰልጣኝ፣ የሻሩናስ ያሲኬቪቺየስን የክለብ ዝርዝር መጀመሪያ የሚያይ ሰው ግር ይለዋል። ቪልኒየስ፣ ሉብሊያና፣ ባርሴሎና፣ ቴል አቪቭ፣ ኢንዲያና፣ ካሊፎርኒያ፣ አቴንስ፣ እንደገና ቪልኒየስ፣ ኢስታንቡል፣ እንደገና አቴንስ፣ እንደገና ባርሴሎና፣ በመጨረሻም የትውልድ ከተማው ካውናስ። ከ1998 እስከ 2014 ባሉት 16 ዓመታት አንድ ቦታ መርጋት ያቃተው ሰው ይመስላል። ነገር ግን በየሄደበት ይሠራ የነበረው ሥራ አንድ ነበር። ዛሬ ሱፍ ለብሶ በሜዳው ጠርዝ እየተንጎራደደ የሚሠራውም ያንኑ ነው። ይህ ማብራሪያ የሚያተኩረው በዚያ ሥራ ላይ ነው፤ እሱ ከገባን የክለቦቹ ዝርዝርም፣ ዋንጫዎቹም፣ ሽንፈቶቹም ፈር ይይዛሉ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅጽል ስሙ "ሻራስ" ይሉታል። ማርች 5 ቀን 1976 በሊቱዌኒያ ሁለተኛ ከተማ በካውናስ ተወለደ፤ እናቱ ሪታ የእጅ ኳስ ተጫዋች ነበሩ። 14 ዓመት በሞላው በስድስተኛው ቀን፣ ማርች 11 ቀን 1990፣ ሊቱዌኒያ ከሶቭየት ኅብረት ነጻ መውጣቷን አወጀች። ከእሱ በፊት የነበሩት የአገሩ ታላላቅ ተጫዋቾች፣ እነ አርቪዳስ ሳቦኒስና ሻሩናስ ማርቺዩሊዮኒስ፣ የ1988ቱን የሴኡል ኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቁት በሶቭየት መለያ ነው። በ1992 ባርሴሎና ላይ በራሳቸው ባንዲራ ነሐስ ሲወስዱ ቅርጫት ኳስ ለዚያች ትንሽ አገር ከስፖርት አለፈ፤ የነጻነቷ መታወቂያ ሆነ። ሻራስ ያደገው በዚያ ስሜት ውስጥ ነው።

ለእሱ ትውልድ የአሜሪካ በር ክፍት ነበር። ገና ተማሪ ሳለ ወደ ፔንስልቬንያ ሄዶ ሁለተኛ ደረጃ ተማረ፣ ከዚያም ከ1994 እስከ 1998 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። እዚያ ይበልጥ የሚታወቀው በወርዋሪነቱ ነበር። በ1998 የኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካው ታላቅ ሊግ፣ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ ስሙን የጠራ አልነበረም። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነው፤ ለኳስ ያዥ በቂ ቢሆንም ብርቅ አይደለም። ዝላዩ ተራ፣ ሩጫው ከአማካይ በታች ነበር። በሜትርና በሰዓት የሚለካ ነገር ብቻ ለሚያይ መልማይ እሱ ውስጥ የሚታይ ነገር አልነበረም። ወደ አገሩ ተመልሶ በቪልኒየሱ ሊየቱቮስ ሪታስ አንድ ዓመት፣ በስሎቬኒያው ኦሊምፒያ ሉብሊያና አንድ ዓመት ተጫወተና በ2000 ባርሴሎና ወሰደው። ፖይንት ጋርድ፣ ማለትም ኳሱን ይዞ ጨዋታውን የሚመራ ሰው፣ ሆኖ የበሰለው በእነዚህ ዓመታት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የዘመናዊ ቅርጫት ኳስ እንጀራ ፒክ ኤንድ ሮል የሚባለው የሁለት ሰው ጨዋታ ነው። ኳስ የያዘው ተጫዋች ፊት ለፊቱ ተከላካይ አለ። ከቡድኑ ረጅሙ ሰው መጥቶ በዚያ ተከላካይ መንገድ ላይ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ይህ ስክሪን ነው። ኳስ ያዡ በግድግዳው ጎን ያልፋል፣ ተከላካዩ ይጋረዳል፣ ረጅሙም ሰው ዞሮ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል። ሲነገር ቀላል ነው፤ የሠፈር ልጆችም ይጫወቱታል። ልዩነቱ ያለው በዝርዝሩ ነው።

የመጀመሪያው ዝርዝር መጠበቅ ነው። ረጅሙ ሰው ሁለት እግሩ መሬት ይዞ ሳይቆም ኳስ ያዡ ከተንቀሳቀሰ ሁለት ነገር ይበላሻል፦ ወይ ስክሪኑ ገና እየተንቀሳቀሰ ተከላካዩን ይገጨውና ዳኛው በአጥቂው ላይ ፋውል ይነፋል፣ ወይ ተከላካዩ ክፍተት አግኝቶ ሾልኮ ያልፋል። ሁለተኛው ትከሻ ነው። ኳስ ያዡ ሲያልፍ ትከሻው የረጅሙን ሰው ዳሌ መታከክ አለበት። አንድ ጫማ ክፍተት ከተወ ተከላካዩ በመካከል ይገባል፤ ስክሪኑም ከንቱ ይሆናል። ሦስተኛው ፍጥነት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች ይሳሳታሉ። በሙሉ ኃይላቸው ይፈተለካሉ፤ ስለዚህ የሚያዩት ከፊታቸው ያለውን ብቻ ይሆናል። ሻራስ ስክሪኑን ካለፈ በኋላ ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር። ያለፈውን ተከላካይ ከጀርባው ላይ ተሸክሞ፣ ኳሱን በዝግታ እያነጠረ፣ ማንም እንዳይቀድመው በገላው እየከለለ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ሦስተኛው ተከላካይ እስኪወስን ነው።

ሦስተኛው ተከላካይ ማነው? ኳስ ያዡና ረጅሙ ሰው ሁለት ናቸው፤ የሚከላከሏቸውም ሁለት። ሁለቱ ተከላካዮች ኳስ ያዡን ለማቆም ሲረባረቡ ረጅሙ ሰው ብቻውን ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል። እሱን ለመያዝ ከሌላኛው የሜዳ ጎን አንድ ሰው የራሱን ተጫዋች ትቶ መምጣት ይኖርበታል። ያ ሰው አንድ እርምጃ ወደ መሀል ከገባ የሚጠብቀው ተጫዋች ጥግ ላይ ነጻ ይሆናል፤ ካልገባ ደግሞ ረጅሙ ሰው ነጻ ነው። የጨዋታው ምስጢር ያለው እዚያ ሰው እግር ላይ ነው። ውሳኔው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ኳሱ የሚለቀቀው ሰውየው ከወሰነ በኋላ ከሆነ ዘግይቷል፤ መወሰን ሲጀምር፣ ክብደቱ ወደ አንዱ እግር ሲያዘነብል፣ መሆን አለበት። ሻራስ ይህን ከማንም አስቀድሞ ያይ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን ረጅሙ ሰው ላይ ተክሎ ኳሱን ወደ ጥግ፣ ዓይኑን ጥግ ላይ ተክሎ ኳሱን ወደ መሀል ይልክ ነበር። ሦስተኛው ተከላካይ የሚያምነው የኳስ ያዡን ዓይን ነውና።

ጥግ ላይ የሚቆመው ሰው ምንም የማይሠራ ይመስላል፤ ግን ሁሉም ነገር በእሱ አቋቋም ላይ የቆመ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ የሦስት ነጥብ መስመር ከ2010 ጀምሮ ከቅርጫቱ 6.75 ሜትር ይርቃል፤ ከዚያ በፊት 6.25 ነበር። በጥጉ በኩል ግን መስመሩ ከሜዳው የጎን መስመር 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ወርዋሪው መቆም ያለበት በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው፤ ወደኋላ ቢል ውጭ ይወጣል፣ ወደፊት ቢል ውርወራው ሁለት ነጥብ ይሆናል። ሰልችቶት አንድ ሜትር ወደ መሀል ከተጠጋ ደግሞ ሦስተኛው ተከላካይ መሀል ላይ ቆሞ ሁለቱንም መጠበቅ ይችላል። ከዚያ ኳስ ያዡ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የሚሰጠው ሰው የለም። አንድ ቡድን ፒክ ኤንድ ሮሉ አልሠራ ሲለው ችግሩ ብዙ ጊዜ ኳሱ ካለበት ቦታ አይደለም፤ አሥር ሜትር ርቆ ከቆመው ሰው ነው።

ተከላካዮችም መላ አላቸው። ከስክሪኑ በታች ከሾለኩ ኳስ ያዡ ከሦስት ነጥብ መስመር ይወረውራል፤ ሻራስ ወርዋሪ ስለነበር ይህን የሚመርጥበት ጥቂት ነበር። ሁለቱ ተከላካዮች ሰው ከተቀያየሩ ረጅሙ ተከላካይ በፈጣኑ ኳስ ያዥ፣ አጭሩ ደግሞ በረጅሙ አጥቂ ፊት ይቀራሉ። ሁለቱም ኳስ ያዡ ላይ ከወጡበት ኳሱ ቶሎ ወጥቶ አራት አጥቂ በሦስት ተከላካይ ላይ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ መልስ አለው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በ24 ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ከእሱም እስከ 8 ሰከንድ ድረስ ኳሱን ከራስ ሜዳ ለማሻገር ይሄዳል።

ይህን ይዘን ዋንጫዎቹን እንያቸው። በ2003 በስቬቲስላቭ ፔሺች አሰልጣኝነት ባርሴሎና በራሱ ከተማ ቤኔቶን ትሬቪዞን 76 ለ65 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን የዩሮሊግ ዋንጫ አነሳ። ዩሮሊግ ማለት ለአውሮፓ ቅርጫት ኳስ ከሁሉ በላይ የሆነው የክለቦች ውድድር ነው፤ መደምደሚያው ፋይናል ፎር ይባላል፣ አራት ቡድኖች በአንድ ከተማ ተሰብስበው በአንድ ሳምንት መጨረሻ ይጨርሱታል። ፔሺች ራሱ በ1979 ከቦስና ሳራዬቮ ጋር በተጫዋችነት የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው፤ ይህን ልብ ይበሉ፣ ኋላ እንመለስበታለን። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሊቱዌኒያ ስዊድን ውስጥ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች፤ ስፔንን 93 ለ84። አገሪቱ ይህን ዋንጫ ከ1939 ወዲህ አላገኘችውም ነበር። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ሻራስ ተባለ።

ከዚያ ማካቢ ቴል አቪቭ። እስራኤል ያሉ አንባቢዎች ኤፕሪል 8 ቀን 2004ን ሳያስታውሱ አይቀሩም። ያድ ኤሊያሁ አዳራሽ ውስጥ የማካቢ ተጋጣሚ የሻራስ የትውልድ ከተማ ክለብ፣ ሳቦኒስ የሚጫወትበት ዣልጊሪስ ካውናስ ነበር። ያሸነፈ ወደ ፋይናል ፎር ያልፋል፤ ፋይናል ፎሩም የሚካሄደው እዚያው ቴል አቪቭ ነው። ሁለት ሰከንድ ያህል ሲቀር ዣልጊሪስ በሦስት ነጥብ ይመራል። ማካቢ ኳሱን ከሜዳው ጫፍ ወደ ጫፍ ወረወረ፤ ዴሪክ ሻርፕ ተቀብሎ፣ ዞሮ፣ ሦስት ነጥብ አስቆጠረ። በተጨማሪ ሰዓት 107 ለ99 አለቀ።

ይህ ጨዋታ አሰልጣኞች እስከ ዛሬ ለሚከራከሩበት ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ በሦስት እየመሩ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ፋውል መሥራት ይሻላል ወይስ መከላከል? ፋውሉ ተቀባዩ ኳሱን ይዞ ለመወርወር ሳይነሳ ከተሠራ ሁለት የቅጣት ውርወራ ብቻ ያስገኝለታል፤ ሁለቱንም ቢያገባ አሁንም ይመራሉ። ግማሽ ሰከንድ ከዘገየና ሰውየው ለመወርወር ከተነሳ ግን ሦስት የቅጣት ውርወራ ይሆናል፤ ካገባም አራት ነጥብ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ፋውሉን የሚሠራው ሰው አስቀድሞ በስም መነገር አለበት፣ ተቀባዩም ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ሳለ መያዝ አለበት። ይህ ካልተባለ ተከላካዩ ያመነታል። ማመንታት ከሁለቱም ምርጫ የከፋ ነው።

ማካቢ በፍጻሜው ስኪፐር ቦሎኛን 118 ለ74 ደመሰሰው፤ 44 ነጥብ ልዩነት ለፍጻሜ ጨዋታ ያልተሰማ ነው። በ2005 ሞስኮ ላይ ደግሞ ታው ሴራሚካን 90 ለ78 አሸንፎ ደገመው፣ ሻራስም የፋይናል ፎሩ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። በሦስት ተከታታይ ዓመት ሦስት ዋንጫ፣ በሁለት ክለብ።

በብሔራዊ ቡድኑም አሜሪካኖቹ ስሙን የተማሩት በዚህ ጊዜ ነው። በ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ በግማሽ ፍጻሜ ሊቱዌኒያ በአሜሪካ 85 ለ83 ስትሸነፍ 27 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር፤ ቢገባ የሚያሸንፍ የነበረውን የመጨረሻ ውርወራ የሳተውም እሱ ነው። ሊቱዌኒያ ነሐስ ወሰደች። በ2004 አቴንስ በምድብ ጨዋታ 94 ለ90 ሲያሸንፉ 28 አስቆጠረ፤ ጨዋታውን የለወጠው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በተከታታይ ያስገባቸው ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራዎች ነበሩ። ሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ያለው አራት ዓመት የአንድ ተጫዋች ብስለት የሚለካበት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በ2005 ኢንዲያና ፔሰርስ ወሰደው። አንድ ዓመት ተኩል ቆየ፣ በጃንዋሪ 2007 ስምንት ተጫዋቾች በተቀያየሩበት ዝውውር ወደ ጎልደን ስቴት ሄደ፣ በዚያው ዓመት ከኤንቢኤ ወጣ። ብዙዎች "አልቻለም" ብለው ይዘጉታል። እኛ እንደዚያ አናየውም። በአውሮፓ አንድ ተከላካይ ቅርጫቱ ሥር እንደፈለገ መቆም ይችላል፤ ስለዚህ አጥቂዎች የሚያሸንፉት ኳስ በማዘዋወር ነው። በኤንቢኤ ሰው የማይጠብቅ ተከላካይ ከሦስት ሰከንድ በላይ እዚያ ከቆመ ቅጣት ነው፤ መሀሉ ይከፈታል፣ አንድ ፈጣን ሰው ብቻውን ተከላካዩን አልፎ ቅርጫቱ ድረስ መሄድ ይችላል። የሦስት ነጥብ መስመሩም 7.24 ሜትር ነው፣ ጨዋታው 48 ደቂቃ፣ የመደበኛው ውድድር ዘመን 82 ጨዋታ። እንዲህ ያለ ሜዳ ፍጥነትን ይሸልማል፤ በመከላከል በኩልም ቀርፋፋውን ሰው መርጦ ያጠቃል። ሻራስ በሁለቱም በኩል ከፈለ። በዚያ ላይ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ነበር። ኳስ ያልያዘ ፖይንት ጋርድ ሦስተኛውን ተከላካይ ቢያየውም ምን ያደርጋል?

በ2007 ወደ አቴንሱ ፓናቲናይኮስ መጣ፣ አሰልጣኙም ዤልኮ ኦብራዶቪች። ለአሰልጣኝነቱ ትምህርት ቤት ይህ ነው። ቡድኑ ውስጥ ዲሚትሪስ ዲያማንቲዲስና ቫሲሊስ ስፓኑሊስ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በሌላ ክለብ ብቸኛ መሪ መሆን የሚችሉ ሦስት ኳስ ያዦች። ኦብራዶቪች ደቂቃውን ከፋፈለው፣ የሚቀመጠውንም ሰው ለምን እንደተቀመጠ አስረዳው። በ2009 በርሊን ላይ ሲኤስኬኤ ሞስኮን 73 ለ71 አሸነፉ። የመጨረሻዋን ውርወራ ለሲኤስኬኤ የወረወረውና የሳተው ራሙናስ ሺሽካውስካስ ነበር፤ የሻራስ የብሔራዊ ቡድን ጓደኛ። አራተኛ ዋንጫው ሆነ፣ ሦስተኛው ክለብ። የቀሩት ዓመታት የዙር ጉዞ ናቸው፤ በ2014 ካውናስ ውስጥ በዣልጊሪስ መለያ የአገሩን ሊግ አሸንፎ በ38 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።

ወዲያው እዚያው ዣልጊሪስ ረዳት አሰልጣኝ ሆነ፣ በጃንዋሪ 2016 ደግሞ ዋናውን ወንበር ያዘ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ታላላቅ ተጫዋቾች የሚወድቁት። ሜዳ ላይ ያየኸውን ነገር በእጅህ ትሠራዋለህ፤ ከጠርዝ ሆነህ ግን ያየኸውን ሌላ ሰው እንዲያይ ማድረግ አለብህ። ራሱ ያየውን ሰውየው ለምን እንደማያይ የማይገባው አሰልጣኝ ይናደዳል፣ ከዚያ ይጮኻል፣ ከዚያ ተጫዋቹ ውሳኔ መወሰን ይፈራል። ሻራስም ይጮኻል። የዕረፍት ጥሪዎቹ በቴሌቪዥን ስለሚተላለፉ ሁሉም ሰው ሰምቶታል። ግን ጩኸቱ ስለ ጥረትና ስለ ትኩረት ነው፤ ስለሳተ ውርወራ ሲቆጣ አይሰማም ማለት ይቻላል። ከጩኸቱ ቀጥሎ ሰሌዳው ይወጣል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ አንድ ነገር ብቻ ይሳላል።

አንድ ነገር ብቻ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በዓለም አቀፉ ደንብ አንድ አሰልጣኝ በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት፣ በሁለተኛው ሦስት የዕረፍት ጥሪ አለው፤ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ከሁለት በላይ መጠቀም አይቻልም። ተጫዋቾቹ ወንበር እስኪይዙና ውሃ እስኪጎነጩ ከደቂቃው ሩቡ ያልቃል። በቀረው ሦስት ነገር የነገረ አሰልጣኝ ምንም አልነገረም። ጥሪውን እስከ መጨረሻ ያስቀመጠ ደግሞ ተጋጣሚው በተከታታይ አሥር ነጥብ ሲያስቆጥር ቆሞ አይቷል። ሁለቱም ስህተት በየሳምንቱ ይታያል።

ሌላው ችግር ጊዜ ነው። የዩሮሊግ ቡድን በአንዳንድ ሳምንት በአራት ቀን ውስጥ ሁለት የአውሮፓ ጨዋታ፣ እሑድ ደግሞ የአገር ውስጥ ሊግ ይጫወታል፤ በመሀል አውሮፕላን አለ። በላብ የሚሠራ ልምምድ የሚሆን ቀን የለም ማለት ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ የሚያስተምረው በቪዲዮና በእግር ጉዞ ፍጥነት በሚደረግ ልምምድ ነው። ሃምሳ ዓይነት የማጥቃት ዕቅድ የሚያስጠና ሰው በየካቲት ወር ቡድኑ ግራ ሲጋባበት ያያል። ጥቂት ዕቅድ ይዞ በእያንዳንዱ ውስጥ "ሦስተኛው ሰው እንዲህ ካደረገ እንዲህ" የሚለውን የሚያስተምር ይተርፋል። ሻራስ የመረጠው ሁለተኛውን ነው።

ፍሬው በ2018 ታየ። ዣልጊሪስ በገንዘብ ከትልልቆቹ ጋር የሚወዳደር ክለብ አልነበረም። ኳሱን የሚይዙለት ኬቨን ፓንጎስና ቫሲሊየ ሚቺች ነበሩ፣ ከፊት ለረጅም ዓመት አምበል የነበረው ፓውሊየስ ያንኩናስ። መደበኛውን ዙር ስድስተኛ ሆነው ጨረሱና በሩብ ፍጻሜ ኦሊምፒያኮስን 3 ለ1 አስወጡ፤ የመጀመሪያውን ጨዋታ ፒሬየስ ሄደው በመንጠቅ። ዣልጊሪስ ፋይናል ፎር ሲገባ ዋንጫውን ካነሳበት ከ1999 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ቤልግሬድ ላይ ኦብራዶቪች በዚያ ጊዜ ባሠለጠነው በኢስታንቡሉ ፌነርባቼ ተሸነፉ፣ ሲኤስኬኤን 79 ለ77 አሸንፈው ሦስተኛ ወጡ። በዚያው ክረምት ሁለቱም ኳስ ያዦች ሄዱ፤ ፓንጎስ ወደ ባርሴሎና፣ ሚቺች ወደ ኢስታንቡሉ አናዶሉ ኤፌስ። ትንሽ ክለብ ጥሩ ሲሠራ የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው፦ በየዓመቱ ከዜሮ ማስተማር።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። በ2017 የሊቱዌኒያ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ እየተካሄደ ሳለ አውጉስቶ ሊማ የሚባለው ተጫዋች ልጁ ሲወለድ ለመገኘት ሄደ። በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አንድ ጋዜጠኛ ይህ ተገቢ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሻራስ እሱ ራሱ እንደፈቀደለት ተናገረ፤ ጋዜጠኛውን ልጅ አለህ ወይ ብሎ ጠይቆት፣ የመጀመሪያ ልጁን ሲያቅፍ ከዚህ የሚበልጥ ነገር እንደሌለ እንደሚገባው ነገረው። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። በጨዋታ ላይ እንዲያ የሚጮህን ሰው ተጫዋቾች ለምን እንደሚታገሱት ለሚጠይቅ መልሱ በከፊል እዚያ አለ።

ከ2020 እስከ 2023 በባርሴሎና የሠራው ሥራ ለመፍረድ አስቸጋሪ ነው። በአገር ውስጥ የስፔንን ሊግ በ2021 እና በ2023፣ የንጉሡን ዋንጫ በ2021 እና በ2022 ወሰደ። በአውሮፓ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ፋይናል ፎር ገባ፤ ሦስቱንም ሳያሸንፍ ወጣ። በ2021 ኮሎኝ ላይ በፍጻሜው ኤፌስ 86 ለ81 አሸነፈው። ያሸነፈው ማን ነው? ካውናስ ላይ ያሠለጠነው ሚቺች፤ 25 ነጥብ አስቆጥሮ የፋይናል ፎሩ ምርጥ ተባለ። አሰልጣኙ ኤርጊን አታማን ነበር። በ2022 ሪያል ማድሪድ በግማሽ ፍጻሜ 86 ለ83። በ2023 ደግሞ ባርሴሎና በሩብ ፍጻሜ ዣልጊሪስን 3 ለ0 አስወጣ፤ ፋይናል ፎሩ የነበረው ካውናስ ውስጥ ነው። በ2004 በተጫዋችነት የሆነው በአሰልጣኝነት ተደገመ፦ የከተማውን ክለብ አስወጥቶ ወደ ፋይናል ፎር። ልዩነቱ፣ በዚህኛው በሪያል ተሸንፎ በሰዎቹ ፊት ሜዳውን ለቀቀ።

የውድቀቱን ምክንያት በዕድል ብቻ መግለጥ አይቻልም። በፋይናል ፎር ጨዋታ ዳኞች ብዙ አካላዊ ንክኪ ያልፋሉ፣ ተጋጣሚ የማጥቃት ዕቅድህን አጥንቶታል፣ ሦስተኛው ተከላካይም የት እንደሚሄድ ተነግሮታል። በዚያን ጊዜ ዕቅድ ሲከሽፍ ብቻውን ነጥብ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል። ኤፌስ ሚቺችና ሼን ላርኪን ነበሩት። ባርሴሎና ጥልቅ ቡድን ነበረው፤ ለእንዲህ ያለ ሰዓት ግን ኳሱ ማን እጅ እንደሚገባ ግልጽ አልነበረም ባዮች ነን።

በዲሴምበር 2023 ፌነርባቼ ጠራው። በመጀመሪያው ዓመት የቱርክን ሊግና ዋንጫ ወሰደ፣ በርሊን ፋይናል ፎር ላይ ግን በአታማን ፓናቲናይኮስ ተሸንፎ አራተኛ ወጣ። በ2025 ፋይናል ፎሩ አቡ ዳቢ ሄደ፤ ያስ ደሴት ላይ ያለው ኢትሃድ አሬና። በግማሽ ፍጻሜው እንደገና አታማን፣ እንደገና ፓናቲናይኮስ። 82 ለ76፣ በዚህ ጊዜ ለሻራስ። በፍጻሜው ደግሞ ሞናኮ፤ አሰልጣኙ ያው በርሊን ላይ በ2009 አብሮት ዋንጫ ያነሳው ስፓኑሊስ። ከአንድ የኦብራዶቪች ቡድን የወጡ ሁለት ኳስ ያዦች፣ ከ16 ዓመት በኋላ በሁለት ጠርዝ ቆመዋል።

ፌነርባቼ የተጫወተው በመከላከል ነው። ኒኮሎ ሜሊና ናይጀል ሄይስ ዴቪስ ረጅሙንም አጭሩንም ሰው መጠበቅ ስለሚችሉ ስክሪን በመጣ ቁጥር ሰው ይቀያየራሉ። ያን ጊዜ ሁለት ሰው ወደ ኳስ ያዡ አይረባረብም፤ ረጅሙ አጥቂ ብቻውን አይሮጥም፤ ስለዚህ ሦስተኛው ተከላካይ ከጥጉ መንቀሳቀስ አያስፈልገውም። ሻራስ በተጫዋችነቱ ዕድሜውን ሙሉ ሲበዘብዘው የኖረው ክፍተት ተደፈነ። ውጤቱ 81 ለ70። ለፌነርባቼ ሁለተኛው የአውሮፓ ዋንጫ ነው፤ የመጀመሪያውን በ2017 ያመጣው ኦብራዶቪች ነበር። ሻራስም እንደ ቀድሞ አሰልጣኙ እንደ ፔሺች በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ።

በፍጻሜው 23 ነጥብ አስቆጥሮ የፋይናል ፎሩ ምርጥ የተባለው ሄይስ ዴቪስ በካውናስ፣ በባርሴሎናና በኢስታንቡል፣ በሦስት ክለብ፣ የሠራው በሻራስ ሥር ነው። በዚያው ክረምት ወደ ፊኒክስ ሰንስ፣ ወደ ኤንቢኤ ሄደ። ፌነርባቼም በእሱ ቦታ የሚቆሙትን ሰዎች ከመጀመሪያው ዝርዝር ጀምሮ ማስተማር ያዘ፦ ስክሪኑ ሳይቆም አትንቀሳቀስ፣ ትከሻህ ይታከክ፣ ጥግህን አትልቀቅ።